ስለ ጿሚው እባብና ስለ መጋቢዎቹ

ከተወለደ ገና ጥቂት ሳምንታት ያለፉት ለጋ እባብ የቀረበለትን ትንሽ አይጥ አንድ ጊዜ በምላሱ አሽትቶ፣ አንገቱን ሰብስቦ ወደ ጥጉ ሲመለስ ማየት፣ በዛሬው ዘመን በአውሮጳና በአሜሪካ ከተሞች እባብን በቤታቸው ለሚያሳድጉ ሰዎች እንቅልፍ የሚነሣ ጭንቀት ነው። በእኛ አገር እባብን አሳድጎ ማብላት ይቅርና በአጥር ሥር ሲያልፍ መታየቱ እንኳ ዱላ የሚያስነሣ በመሆኑ፣ ነገሩ ከእኛ ጋር አንዳች ዝምድና የሌለው ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ እባብ ምን ይበላል፣ መቼ ይጾማል፣ ሊያበላው የሚወድ ሰውስ በምን ጥበብ ይቀርበዋል የሚለው ጥያቄ በመጻሕፍታችንና በአፈ ታሪካችን ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ሲመላለስ የኖረ ነው። ከዚህም በላይ ጌጫን፣ ማሻንና ቦንጋን ከብቦ በቆመው በደቡብ ምዕራብ ደጋ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ ምድር የማይገኝ እፉኝት ስላለ፣ የዚህን ጥያቄ ታሪክ በአማርኛ መጻፍ የሚገባ ሥራ መስሎ ታይቶኛል። ዘመናቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

በአፈ ታሪካችን የመጀመሪያው የእባብ ቀለብ ግብር ነበር። የአክሱም ሰዎች ሲያወርዱት በመጣው ትረካ፣ ከንግሥተ ሳባ አስቀድሞ በምድሪቱ ላይ አርዌ የተባለ ዘንዶ ነግሦ ነበር፤ ሕዝቡም ከመንጋው ፍየሉንና በጉን፣ ከልጆቹ መካከል ደግሞ ደናግሉን እያወጣ ይገብርለት ነበር ይባላል። ይህን ቀንበር የሰበረው አንጋቦ እንደ ሆነ የሚናገሩት፣ ሰውየው ፍየሊቱን መርዝ አብልቶ ለዘንዶው ሰጠው፣ ዘንዶውም በልቶ ሞተ፣ ሕዝቡም አንጋቦን አነገሠው፣ ማክዳም ከእርሱ ተወለደች ይላሉ። ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን በ1904 ባሳተመው ሌላ ትረካ ግን ለዘንዶው ልትሰጥ በዛፍ ላይ የታሰረችው ራሷ ንግሥተ ሳባ፣ በዚያ ትረካ እትዬ አዜብ የተባለችው ናት፤ በዛፉ ጥላ ሥር ያረፉ ሰባት ቅዱሳን ዘንዶውን በመስቀል ሲገድሉት ደሙ በተረከዟ ላይ ነጠበና እግሯ የአህያ ሰኮና ሆነ። የተረፈ ዳንኤል አንባቢዎችም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር ያውቃሉ፤ ነቢዩ በባቢሎን የሚመለከውን ዘንዶ ያለ ሰይፍና ያለ በትር እገድለዋለሁ ብሎ፣ ዝፍትና ስብ ጠጉርም በአንድነት ቀቅሎ አጎረሰው፣ ዘንዶውም ተሰነጠቀ።

በእነዚህ ታሪኮች ሁሉ መጋቢው የሚያበላው ወይ ፈርቶ ነው፣ ወይም ሊገድል ነው፤ የዘንዶውም ረኃብ መጠን የለውም፤ ያቀረቡለትን ሁሉ ይውጣል፣ ሳያሸትም ሳይመርጥም ይሞታል። አፈ ታሪኩ የሚናገረው ስለ ግፈኛ ንጉሥ ስለ ሆነ በዚህ ልንነቅፈው አይገባንም፤ ነገር ግን የሥጋውን እባብ ባሕርይ ለማወቅ ወደ ሌላ መጽሐፍ መሄድ ያስፈልጋል።

ያ መጽሐፍ ፊሳልጎስ ነው። በመጀመሪያ በጽርዕ ልሳን ተጽፎ፣ በአክሱም ዘመን ወደ ግእዝ የተመለሰው፣ በኋላም ፍሪትስ ሆመል የተባለው ሊቅ በ1877 በላይፕሲግ ከተማ የግእዙን ንባብ ያሳተመው ይህ ድርሳን፣ ስለ አራዊት፣ ስለ አዕዋፍና ስለ ዕንቁ ድንጋዮች ጠባይ እየተናገረ ሁሉንም ወደ መንፈሳዊ ትርጓሜ የሚያወጣ ነው። ስለ እባብ ሲናገርም ይህን ያስተምራል፦ እባብ በሸመገለ ጊዜ ዓይኑ ይፈዛል፤ መታደስም ሲወድ አርባ መዓልትና አርባ ሌሊት ከምግብ ተከልክሎ ይጾማል፤ ቆዳውም ከሥጋው ሲላላ ጠባብ የዓለት ስንጥቅ ፈልጎ በዚያ እየተጨነቀ ያልፍና አሮጌውን ልብስ ጥሎ ጎልማሳ ሆኖ ይወጣል። ደራሲው ከዚህ ተነሥቶ ምእመኑን አሮጌውን ሰው ገፎ በጠባቡ ደጅ እንዲገባ ይመክራል።

ይህን ያህል ዘመን በገዳማት ሲነበብ የኖረውን ቃል ዛሬ እባብ ከሚያሳድጉ ሰዎች ልምድ ጋር ያመሳከረ ሰው፣ ጥንታዊው ተመልካች ምን ያህል ነገር በትክክል እንዳየ ሲገነዘብ መደነቁ አይቀርም። እባብ ቆዳውን ሊገፍ ሲል በአሮጌውና በአዲሱ ቆዳ መካከል ፈሳሽ ስለሚገባ ዓይኑ በእርግጥ ይፈዛል፤ ወተት መሰል ሰማያዊ ጉም ይሸፍነዋል። በዚያን ጊዜ አጥርቶ ስለማያይ ይሸሸጋል፣ ይቆጣል፣ ምግብም አይቀበልም። ጉሙ ከገፈፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ አፍንጫውን በድንጋይ ወይም በእንጨት ፈትጎ ቆዳውን ከከንፈሩ ላይ ያላቅቅና፣ በጠባብ ቦታ እየተሳበ እንደ ተገለበጠ እጅጌ አውልቆት ያልፋል። የዓይኑ መፍዘዝ፣ ጾሙ፣ የቆዳው መላላት፣ ጠባቡ መውጫ፣ ሁሉም እውነት ናቸው። መጽሐፉ የተሳሳተው ነገሩን ለሽምግልና በመስጠቱ ነው፤ ቆዳውን ደጋግሞ የሚገፈው በፍጥነት የሚያድገው ሕፃኑ ነውና። አርባ የሚለው ቍጥርም ከሙሴ፣ ከኤልያስና ከጌታችን ጾም የተወሰደ መሆኑ ግልጽ ነው፤ የእባቡ የግፈት ጾም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ያህል ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላም ነገር አለ። እባብ ሲወለድ ወይም ከእንቁላል ሲወጣ በሆዱ ውስጥ የአስኳል ስንቅ ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ቆዳ እስኪገፍ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ምግብ አይሻም። በእነዚያ ቀናት ውስጥ አልበላም ብሎ የሚታወክ መጋቢ፣ ተፈጥሮ የሠራችለትን ሥርዐት እንደ ሕመም ይቈጥራል ማለት ነው። ፊሳልጎስን ያነበበ አንድ የቅኔ ተማሪ ከእንዲህ ያለው መጋቢ ይልቅ ነገሩን በትዕግሥት ሊያይ ይችል ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስለ እባብ ጾም ሁለተኛውን ድንቅ ምስክርነት የተወልን በጎንደር ቤተ መንግሥት የኖረው እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ከወጣ በኋላ፣ በ1790 ባሳተመው በአምስት መጻሕፍት የተከፈለ የጉዞ ታሪኩ፣ ስለ ዕፅዋትና ስለ አራዊት በተናገረበት ክፍል ቀንዳሙን የበረሃ እፉኝት ይገልጻል፤ ከእነዚህም ሁለቱን በመስተዋት ማሰሮ ውስጥ ከትቶ ሁለት ዓመት ያህል አንዳች ምግብ ሳይሰጣቸው እንዳኖራቸው፣ በብርድ ወራትም እንዳልተኙ፣ በሚያዝያም መጨረሻ ቆዳቸውን እንደ ገፈፉ ጽፏል። የአገሩ ሰዎች ብሩስ ከኢትዮጵያ ያመጣውን ዜና ብዙውን አላመኑትም፤ በዚህ ነገር ግን የሚያምኑበት ምክንያት ነበር። በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ሳይንቀሳቀስ ማደንን የሚያውቅ፣ የደሙንም ሙቀት ከፀሐይ እንጂ ከምግቡ የማያገኝ ፍጥረት፣ ከሥጋው የሚያወጣው ወጪ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ጾሙን ሊያራዝመው ይችላል። ሆኖም ጾሙን መቻሉን እንጂ መጎዳቱን ብሩስ አልጻፈም፤ በመስተዋት ውስጥ ያለ ምግብ ሁለት ዓመት ያሳለፉ ሁለት ፍጥረታት ለእርሱ የመደነቂያ ነገር ብቻ መሆናቸው ያሳዝነኛል። ደግሞም ትልቁ እባብ የሚታገሠውን ጾም፣ ክብደቱ ከጥቂት ግራም የማያልፈው ጨቅላ ሊታገሠው አይችልም።

እባብን የሚያከብሩ ሕዝቦች ግን ለማብላት እምብዛም አይደክሙም። አቡነ አረጋዊን ወደ ደብረ ዳሞ ያወጣቸው ዘንዶ በገድሉም በሥዕሉም ጥቅምት 14 ቀን ሲታሰብ ቀለብ ሲጠይቅ አይታይም። ከጌጫ ተራሮች በስተምዕራብ በጋምቤላ ቆላና ከዚያም ማዶ በሚኖሩት ኑዌሮች ዘንድ፣ ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው ሊቅ በ1956 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፣ ዘንዶን የሚያከብሩ ቤተሰቦች አሉ፤ ክብራቸውም አለመግደል ነው። በምዕራብ አፍሪካ በዊዳ ከተማ ባለው የዘንዶዎች ቤተ መቅደስም ዘንዶዎቹ ሌሊት ተለቀው በራሳቸው አድነው ይመገባሉ ይባላል። ይህ ሦስተኛው ልማድ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከሁሉ የበለጠ ጥበብ ያለበት ነው፤ የዊዳው ዘንዶ፣ ዛሬ ከጋናና ከቶጎ ከቤኒንም በሣጥን ተጭኖ ወደ ባዕድ አገር ሲሄድ ለወራት አልበላም በማለት ስሙ የገነነው ያው ትንሹ ዘንዶ ነውና። በአገሩ ሌሊት ወጥቶ የሚያድነው፣ በባዕድ ቤት በብርሃን ሥር የተቀመጠለትን አይቀበልም።

አውሮጳውያን እባብን በቤት ማሳደግ በሳይንስ መንገድ የጀመሩት በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ነው። በ1841 በፓሪሱ ዣርዳን ዴ ፕላንት አንዲት የእስያ ዘንዶ እንቁላሎቿን ጥላ በዙሪያቸው ተጠምጥማ ስትቀመጥ፣ ቫላንሲየን የተባለው ሊቅ በየጊዜው ሙቀቷን እየለካ የሰውነቷ ግለት ከአካባቢው አየር መብለጡን አስመሰከረ፤ እርሷም ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ የቀረበላትን ምግብ አልቀመሰችም። የእናቲቱ ጾም ልጆቿን ለማሞቅ የተጾመ ነበር። በ1849 ለንደን በዓለም የመጀመሪያው የሆነውን የእባቦች ቤት ከፈተች። ነገር ግን ዕውቀቱ እንዲህ እየሰፋ ሲሄድ ትዕግሥቱ ከእርሱ ጋር እኩል አልሰፋም፤ በኒው ዮርክ የአራዊት መናፈሻ፣ ሬይመንድ ዲትማርስ የእባቦች ሹም በነበረበት በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ፣ አልበላም ያለውን ታላቅ ዘንዶ ብዙ ሰዎች ተሸክመው ይይዙትና ምግቡን በረጅም እንጨት እየገፉ ወደ ጉሮሮው ያወርዱት ነበር። ዲትማርስ እባቦችን የሚወድ፣ ሕዝቡንም ስለ እነርሱ ብዙ ያስተማረ ሰው ነው፤ ይሁን እንጂ ያ እንጨት የመጋቢነትን ሳይሆን የአርዌን ታሪክ በግልባጩ ያስታውሰኛል፤ በአክሱም ዘንዶው ሰዎቹን አስገደዳቸው፣ በኒው ዮርክ ሰዎቹ ዘንዶውን አስገደዱት።

የተሻለው ጥበብ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ የመጣውም ከታላላቅ መናፈሻዎች ብቻ ሳይሆን፣ በየቤታቸው ሌሊት እየተነሡ ትንንሽ እባቦችን ከሚጠብቁ ሰዎች ጭምር ነው። እነዚህ ሰዎች ከብዙ ሙከራ በኋላ የተረዱት ዋና ነገር፣ ለጋው እባብ ምግብ እምቢ የሚለው ረኃብ በማጣቱ ሳይሆን ቦታው ስለ ከፋው ነው የሚለው ነው። በሰፊ መስተዋት ቤት ውስጥ በግልጽ የተቀመጠ ጨቅላ፣ ጭልፊትም ትልቅ እባብም ሊበሉት እንደሚፈልጉት ሆኖ ስለ ተፈጠረ፣ መሸሸጊያ እስካላገኘ ድረስ አፉን ለምግብ አይከፍትም። ስለዚህ ወደ ትንሽ ሣጥን ያዛውሩታል፤ ሰውነቱ በሁለት ወገን ግድግዳውን የሚነካበት ጠባብ ዋሻ ይሠሩለታል፤ ብርሃኑን ይቀንሱለታል፤ በእጅም አይነኩትም። ሙቀቱንም ያስተካክሉለታል፤ እባብ የበላውን የሚፈጨው በፀሐይ ግለት ስለ ሆነ፣ ቅዝቃዜ ላይ ያለ እባብ ቢበላ እንኳ ምግቡ በሆዱ ውስጥ ሊበሰብስበት ስለሚችል፣ ባለመብላቱ ራሱን ያድናል። የቴፒ ቆላ እባብና የጌጫ ደጋ እባብ ደግሞ አንድ ዓይነት ሙቀት አይሹም፤ ይህንን ያልለየ መጋቢ ደገኛውን በቆላ ግለት ያቃጥለዋል።

ቦታው ከተስተካከለ በኋላ የሽታ ነገር ይቀራል። ብዙ ዓይነት ሕፃናት እባቦች በዱር የሚጀምሩት በእንሽላሊት ወይም በእንቁራሪት ነው፤ አይጥ በኋላ የሚመጣ ምግብ ነው። እባብ ምግቡን የሚያውቀው ከዓይኑ ይልቅ ሹካ በመሰለ ምላሱ ሽታን ወደ ላንቃው እያስገባ ስለ ሆነ፣ አዋቂዎቹ ገና ጠጉር ያላበቀለውን የአይጥ ግልገል አጥበው በእንሽላሊት ቆዳ ያሹታል፤ ይህም ካልሆነ ከሞተው ግልገል ራስ ጥቂት አንጎል እንዲታይ አድርገው በምሽት በዋሻው ደጅ ያስቀምጡና እስኪነጋ አይመለሱበትም። ብዙ ጊዜ ጠዋት ምግቡ የለም። በሰው ፊት የማይደረግ ነገር በጨለማ ተደርጎ ያድራል። የቀረበውም ግልገል ከእባቡ ወገብ የማይወፍር መሆን አለበት፤ ትልቅ ምግብ ለጨቅላው ጠላት ይመስለዋል። ሳምንታት አልፈው ሰውነቱ ሲከሳ፣ የጀርባው አጥንት ሲወጣ ብቻ፣ ልምድ ያለው ሰው ትንሽ ምግብ በአፉ ጫፍ በቀስታ ያስይዘዋል፤ የእንጨቱ ዘዴ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ከዚህ በኋላ ወደ ጌጫ መመለስ ይገባል። ጌጫ ያለችበት የሸካ ምድር በኋለኛው ዘመን ሞቻ ተብላ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ሥር ትቈጠር የነበረች፣ ዓመቱን ከሞላ ጎደል ዝናብ የማይለያት፣ ከአናቷ ቀርከሃና ቀረሮ፣ ከወገቧ እንሰትና ጌተም፣ ወደ ቴፒና ወደ ሚዛን ሲወርዱ ደግሞ ቡና የሞላባት አገር ናት። ነዋሪዎቹ ደኑን ኮቦ በሚባል ሥርዐት ለየቤተሰቡ ከፍለው ቀፎ እየሰቀሉ ማር ሲቆርጡበት፣ ዛፍ ከቶ የማይነካባቸውንም የተቀደሱ ቦታዎች ሲጠብቁበት ኖረዋል። ይህ ደን በ2012 በዩኔስኮ የሕይወታዊ ክልል መዝገብ የገባው ከዚህ ጥበቃ የተነሣ ነው ብል እውነት የምናገር ይመስለኛል።

በዚሁ በኢሉባቦር፣ በመቱና በበደሌ መካከል በዶኪ ወንዝ ድልድይ አካባቢ የተገኘውን አንድ እባብ መርምሮ፣ ቮልፍጋንግ በሜ የተባለው የቦን ከተማ ሊቅ በ1977 አዲስ የእፉኝት ዓይነት መሆኑን አስታወቀ። አካሉ ወፍራም፣ ቀለሙ በጥቁርና በቢጫ በአረንጓዴም የተዋበ፣ ዓይኑ ከዘመዶቹ እፉኝቶች ያነሰ፣ የሚኖረውም በደጋው ደንና በደኑ ጠርዝ ነው። ለብዙ ዓመታት በሊቃውንት እጅ የነበሩት ናሙናዎች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ በኋላ ግን ሕያዋኑ ወደ አውሮጳና ወደ አሜሪካ እየተወሰዱ በሰው እጅ ሲወልዱም ታዩ። በ2016 ደግሞ በባሌ ሐረና ደን የሚኖረው ዘመዱ ራሱን የቻለ ሌላ ዓይነት ሆኖ ተመዘገበ፤ ከታላቁ ስምጥ ሸለቆ ወዲህና ወዲያ የተለያዩ ሁለት ወንድሞች ናቸው።

ይህ እፉኝት መርዙ ለሞት ሊያደርስ የሚችል ስለ ሆነ የቤት እንስሳ አይደለም፤ በባዕድ አገር የያዙትም ለሥራው የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። በእነዚያ ሰዎች እጅ የተወለደው የደጋ ጨቅላ በጌጫ ደን ያለውን ሁሉ በአንድነት ያጣ ነው፦ የሌሊቱን ብርድና የቀኑን አጭር ፀሐይ፣ የረጠበውን የቅጠል ምንጣፍ፣ በእንሰት ሥር የሚሮጠውን የጫካ አይጥ ሽታ። መጋቢው ይህን ሁሉ በሣጥን ውስጥ በጥቂቱ ለመመለስ ይደክማል፤ ውኃ ይረጫል፣ ቅጠል ያነጥፋል፣ ሌሊት ያቀዘቅዛል፣ በምሽት ምግቡን አኑሮ ይወጣል። ከዚህ የተነሣ በቦንና በቴክሳስ ያሉ ሰዎች ስለ ጌጫው ደጋ እርጥበትና ስለ ሌሊቱ ቅዝቃዜ አጥብቀው ሲጠይቁ፣ በጌጫ የተወለደ ማር ቆራጭ ግን ስለ እፉኝቱ የሚያውቀውን የሚጠይቀው ሰው ሲያጣ ማየት ያስቈጫል። በየዓመቱ ቀፎ ሊሰቅል ሊያወርድም ወደ ኮቦው የሚገባው እርሱ ነው፤ በቡና ለቀማ ጊዜ በቅጠሉ መካከል እጁን የሚሰነዝረውም፣ ስለ እባቡ በማወቁ በሕይወት የሚኖረውም እርሱና ቤተሰቡ ናቸው።

የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ይህን ዕውቀት ከአዛውንቱ አፍ እየተቀበሉ ቢመዘግቡት፣ ለጌጫ ጤና ጣቢያም ለባዕዳኑ መጋቢዎችም የሚጠቅም መዝገብ ይሆናል። መጻፍ ያለበትም ብዙ አይደለም፤ እፉኝቱ ልጆቹን ይዞ በየትኛው ወር እንደሚታይ፣ ሰዎቹ ሲያገኙት በፀሐይ ላይ ወይስ በጥላ ሥር እንደ ነበረ፣ በማለዳ ወይስ በምሽት እንደ ተንቀሳቀሰ፣ ከገደሉትም በሆዱ ውስጥ ምን እንደ ተገኘ።